የአራት ሰዓቷ ማኪያቶ

ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን የእናንተም ቢሮ ጭር ማለቱ አይቀርም። አንዱ «እንውጣ?» ይላል፣ ሌላዋ ቦርሳዋን ታነሣለች፣ ከደቂቃ በኋላ ወንበሮቹ ብቻ ይቀራሉ። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና ሰው ማናገር እንጀራዬ ነው፤ ለዚያች የሃያ ደቂቃ ጨዋታ ያለኝ ፍቅር ግን ከሙያም ያልፋል። በኢሜይል ሦስት ቀን የተጓተተ ጉዳይ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሲያልቅ ስንቴ አይቻለሁ!

ስለዚህ ከጨዋታው የሚቀር ሰው አይገባኝም ነበር። ሒሳብ ክፍል ያለ አንድ ባልደረባችን ድሮ ከሁላችን ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነው፤ ቀስ በቀስ ቀረ። መጀመሪያ «ሪፖርት አለብኝ» አለ፣ ቀጥሎ «ጨጓራዬን አሞኛል»። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ምነው አንተ፣ መነኮስክ እንዴ?» አልኩት። ተሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔም ቀልዴ የያዘልኝ መስሎኝ ወጣሁ።

ምክንያቱን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ሰርቪስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ መዘጋጋት ስናወራ ቆይተን፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። የቤት ኪራይ ተጨምሮበታል፤ ባለቤቱ ከወለደች ወዲህ ሥራ አልተመለሰችም። «ማኪያቶው አይደለም የከበደኝ፤ ተራው ነው» አለኝ። «ተጋብዤ ሳልጋብዝ እስከ መቼ?»

እናንተም ታውቁታላችሁ። የየራሳችንን መክፈል አናውቅበትም። ዛሬ አንዱ ለስድስት ሰው ይከፍላል፣ ነገ ሌላው። «በሞቴ!» «ኧረ አይሆንም!» እያልን አስተናጋጁ ፊት ስንታገል ጨዋነት ብቻ ይመስለናል። ለእሱ ግን አንድ ተራ ማለት የሳምንት የታክሲ ገንዘብ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሜኑ ላይ በእስክሪፕቶ ተሰርዞ የተጻፈ ዋጋ ያልገጠመው የለም። ደመወዛችን በዚያው ፍጥነት ቢሰረዝና ቢጻፍ ጥሩ ነበር።

ምሳ ላይ ይህ ችግር የለም። ምሳ ዕቃችንን ከፍተን አንድ ላይ እንበላለን፣ ማን ምን አመጣ ብሎ የሚቆጥር የለም። በተለይ በዐቢይ ጾም ደስ ይለኛል፦ በፍስክ ቀን ሥጋው ሲመጣ ለሁለት የሚከፈለው ማዕድ፣ ረመዳን ካልገጠመ፣ በእነዚያ 55 ቀናት አንድ ይሆናል። ሽሮ የክርስቲያን ወይም የእስላም አይባልም።

ከሰርቪሱ ወሬ በኋላ የተውኳቸው ነገሮች አሉ። ሰው ፊት «ለምን አትመጣም?» አልልም። «ከሳሽ ምነው?»፣ «ልጅስ መቼ ነው?» የሚሉትንም፣ ለእኔ ሲቀርቡልኝ ከሚሰማኝ ተነሥቼ፣ ትቻለሁ። ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ኳስ፣ ትናንት ማታ ስለጠፋው መብራት ይወራ። ሰውዬው ካሻው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ራሱ ይመጣል።

ተራውን ግን እንዴት ላስቀረው? «ለእሱ ስንል» ብል ከመነኩሴው ቀልድ የባሰ ማዋረድ ይሆናል። ስለዚህ በራሴ አሳበብኩ። አንድ ጠዋት፣ «እኔ ወሩ አልወጣልኝም፤ ዛሬ የራሴን ብቻ ነው የምከፍለው፣ እሱንም ጀበና ቡና» አልኩ። ከግቢያችን በር ወጣ ብሎ ጥላ ዘርግታ ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ትንሽ ዝም ዝም ሆነ። ጉንጬ ሲግል ይሰማኝ ነበር፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ዲግሪ የያዘች ሴት «ገንዘብ የለኝም» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዚያ መዝገብ ቤት ያሉት ጋሼ፣ «ተመስገን! ማን ይናገረው እያልኩ ስጨነቅ ነበር» ብለው ተነሡ። ሁለት ሰዎች ተከተሉን። ለካ ብዙዎቻችን ነበርን።

በአራተኛው ቀን የሒሳብ ክፍሉ ልጅ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የልጁ የመጀመሪያ ጥርስ እንደወጣ ነገረን፣ ከስልኩ ፎቶ አሳየን፣ ሃያው ደቂቃ አርባ ሆነ። ስንነሣ የራሱን ከፈለና የእኔንም ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ። «በሞቴ!» አለኝ። እዚያው ተጣላን።