ታድሶ ውሃ የሚጨርስ ሞተር

ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚመላለስ ሚኒባስ ለባለቤቶቹ የልጆች ደብተርና የወር አስቤዛ ማለት ነው። ሞተሩ ሲደክም የዕቁብ ገንዘብ ወጥቶ ይታደሳል። ከዚያም በየቀኑ ውሃ የሚጨመርለት ከሆነ ወጪው እንዳይደገም ያሰጋልና ነገሩን የቤት እመቤቷም ብታውቀው ይበጃል። መኪናው የወንድ ጉዳይ ነው ቢባልም ዕቁቡን የጣለችው እሷ ናት።

ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ይነጠፍ። ጠዋት ረጥቦ ከተገኘ ፍሳሹ የውጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ፋሸታ ወይም የውሃ ፓምፕ ይሆናል። ካርቶኑ ደርቆ ውሃው ከጎደለ፣ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ውሃው በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ መኪና እንኳን የድልብን ዳገት ሊወጣ ስሪንቃ ድረስም መነዳት የለበትም። ጋራዡም ጓርኒሲዮን ከመለወጡ በፊት ቴስታታው አለመጣመሙን ይለካ፤ ቡሎኖቹንም በተራቸውና በተወሰነላቸው መጠን ያጥብቅ።

የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ አይከፈት፤ የታመቀው ውሃ ፈንቅሎ ፊት ያቃጥላል። ለተቃጠለ ሰው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስለት እንጂ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባ።

ባለቀለሙ የራዲያተር ፈሳሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ጣፋጭ መርዝ አለበት። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድቶ ከቤት አይቀመጥ። ልጅ ከቀመሰው፣ ደኅና ቢመስልም፣ ዕቃውን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ነው።