ታንካ በጀርመንኛ እንዲያድግ

አንድ ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ የግጥም ሥልት ተውሶ በገዛ ቋንቋው ሊያሳድገው ይችላልን? ጥያቄው ሥነ ጽሑፍን ለሚወድ ተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ፣ ታንካ የተባለው የጃፓን አጭር ግጥም በጀርመንኛ ያለውን ይዞታ እንደ ምሳሌ ወስደን አስተያየታችንን ለማቅረብ እንወዳለን። በእኛ እምነት ታንካ በጀርመንኛ ሊበረታታ ይገባዋል። የሚያድገው ግን በቀለም ቆጠራ ሳይሆን በልምምድና በትችት ነው።

ታንካ በ5፣ 7፣ 5፣ 7 እና 7 የተከፈሉ 31 ቀለማት አሉት። በ8ኛው መቶ ዓመት በተጠናቀረው «ማንዮሹ» በተባለው መድበል ውስጥ ካሉት 4,500 ያህል ግጥሞች የሚበዙት ታንካ ናቸው። በዓለም ይበልጥ የታወቀው ባለ 17 ቀለሙ ሃይኩ ኋላ የመጣ ነው። ታንካ ከሃይኩ የሚበልጠው በ14 ቀለም ብቻ ቢሆንም፣ በዚያች ትርፍ ቦታ ገጣሚው ካየው ነገር ወደ ተሰማው ነገር ይሻገራል።

ጀርመኖች ከጃፓን ግጥም ጋር ከተዋወቁ ቆይተዋል። በቶክዮ ያስተምር የነበረው ካርል ፍሎሬንትስ እ.ኤ.አ. በ1894 የትርጉም መድበል አሳትሟል። ነገር ግን አጭሩን ግጥም በጀርመን ልማድ ቤት እያስመታ ስላስረዘመው ከጃፓናዊ ምሁር ትችት ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1911 «የጃፓን ጸደይ»ን ያወጣው ሐንስ ቤትገ ደግሞ ጃፓንኛ ሳያውቅ ከሌሎች ትርጉሞች ነበር የሠራው። የጀርመን የሃይኩ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1988 ተመሥርቶ በመጽሔቱ ታንካንም አስተናግዷል። ሆኖም ታንካ እስከ ዛሬ በታናሹ በሃይኩ ጥላ ሥር ነው።

አንደኛው እንቅፋት የቁጥር አምልኮ ነው። የጃፓንኛ የድምፅ ምት ከጀርመንኛ ቀለም ያጠረ ነው፤ ለምሳሌ «ቶክዮ» የሚለው ስም በጃፓንኛ አራት ምት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ 31 የጀርመንኛ ቀለም ከ31 የጃፓንኛ ምት የበለጠ ነገር ይሸከማል። ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል ቅጽል የሚሰገስግ ሰው ታንካ ሳይሆን የታጨቀ ከረጢት ያቀርብልናል። መጠበቅ ያለበት እጥረቱና ከማየት ወደ መሰማት የሚደረገው ሽግግር ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የቼሪ አበባ ናፍቆት ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች የሚቀርብ ሰው አለ። ሳይቶ ሞኪቺ የአእምሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የመጀመሪያ መድበሉ ስለ እናቱ ሞት የጻፋቸው 59 ታንካዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በቪየና፣ ቀጥሎም በሙኒክ የአንጎልን በሽታ ሲያጠና በዚያም ታንካ ጽፏል፤ የጻፈው ግን በጃፓንኛ ነው። እርሱ በባዕድ አገር ያየውን በአገሩ ሥልት ከገለጸ፣ ጀርመናዊውም ሆስፒታሉን፣ ባቡሩንና ፋብሪካውን በተዋሰው ሥልት ሊገልጽ የማይችልበት ምክንያት የለም።

አንዳንዶች «የባዕድ ሥልት መኮረጅ ምን ይረባል?» ይሉ ይሆናል። መልሱ በጀርመንኛ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እኛ በምንማርበት በመካከለኛው ምሥራቅ የተወለደውን ጋዛልን ፕላተን እ.ኤ.አ. በ1821 በጀርመንኛ መድበል አውጥቶበታል፤ ጀርመንኛም በዚህ አልደኸየም። መዋስ የሚያሳፍረው ተዋሹ የራሱን ሳይጨምርበት ሲቀር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የቅኔ ቤታችንን ልማድ እናስታውስ። ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። የጃፓን ገጣሚዎችም ሞኪቺ እንደተሳተፈበት እንደ «አራራጊ» ባሉ መጽሔቶች ዙሪያ እየተሰበሰቡ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲተች ኖረዋል። ለጀርመንኛ ታንካም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ከጃፓንኛው በቀጥታ የተተረጎመና ዋናው ጽሑፍ በትይዩ የታተመበት መድበል፣ ደካማውን ግጥም ደካማ ነው ለማለት የማይፈራ አዘጋጅ፣ በየጊዜው የሚገናኝ የጸሐፊዎች ጉባኤ።

ከመካከላችን ትምህርታችንን ጨርሰን ለልዩ ሙያ ሥልጠና ወደ ጀርመን አገር የምናመራ አለን። ጀርመንኛን ለሕክምና ፈተና ብቻ አንማረው። ከተረኝነት በኋላ በአምስት አጫጭር መስመሮች ያየነውንና የተሰማንን ጽፈን የቋንቋው ባለቤቶች እንዲያርሙልን እናቅርብ። ሐሳባችንን የሚቃወም ወይም የሚያሟላ አንባቢ ቢጽፍልን በደስታ እንቀበላለን።