ስለ ጥንታውያን ቤተ መንግሥቶችና ስለሚያስጎበኙት ሰዎች

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ኢያሱ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ ማቆሙን ካህናቶቻችን ዘወትር ያስተምሩናል። ድንጋዮቹ የቆሙበትም ምክንያት ኋላ የሚወለዱት ልጆች ባዩዋቸው ጊዜ የነገሩን ምሥጢር አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱላቸው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ድንጋይ ማቆም ብቻውን እንደ በቂ አለመቈጠሩ ነው። ድንጋዩን የሚያቆም ሰው እንደ ታዘዘ ሁሉ ሲጠየቅ የሚመልስም ሰው ታዟል። መላሽ የሌለው እንደ ሆነ ግን ያ ድንጋይ በወንዝ ዳር ከተኛው ድንጋይ የሚለይበት ነገር የለውም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በዚህ ዓመት ካገራችን ጥንታውያን ግቢዎች ወደ አንዱ ሄደን ያየነው ነገር ነው፤ የግቢውን ስም መጥራት አያስፈልግም። በበሩ አጠገብ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጡ ሠላሳ የሚያህሉ ሕፃናት ካስተማሪያቸው ጋራ ቆመው ነበር። ሌሊት ተነሥተው እንደ መጡ ከፊታቸው ይታወቃል፤ ስንቃቸውንም በየፌስታላቸው አንጠልጥለዋል። አስጎብኚዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የውጭ አገር እንግዳ ይጠብቃሉ። አስተማሪው ቀርቦ ቢለምናቸው ለልጆች የተመደበ ሰው የለም ብለው መለሱለት። እርሱም ልጆቹን አሰልፎ ገባና በየሕንጻው ፊት ከተተከለው ሰሌዳ ላይ የንጉሡን ስምና ዓመተ ምሕረቱን እያነበበላቸው አለፈ። አንድ ትንሽ ልጅ፥ “ጋሼ፥ ንጉሡ የሚተኙት የትኛው ክፍል ነበር?” ብሎ ጠየቀው። አስተማሪው ወዲያና ወዲህ አይቶ ዝም አለ።

እኔም ከልጆቹ ተለይቼ በዚያው ሰዓት የገቡትን የውጭ አገር ሰዎች በሩቅ ተከተልሁ። የሚመራቸው ጐልማሳ አንደበቱ የቀና፥ ጠባዩም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የአባትን ሥራ ለልጅ ልጅ ሲሰጥ፥ ካንዲት ጓዳ በር ላይም ቆሞ በየትም ተጽፎ የማይገኝ የፍቅር ታሪክ ሲተርክ ሰማሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቀርቤ ይህን ነገር ከወዴት እንዳገኘው ብጠይቀው ሳይቈጣ እንዲህ አለኝ፦ “አባቴ፥ ደመወዝ የለኝም፤ የምኖረው በጉርሻ ነው። እንግዳው የሚወደውን ካልነገርሁት ምን ይሰጠኛል? የሚነበብ መጽሐፍም የሰጠኝ የለም፤ ከኔ በፊት የነበሩት ሲሉ የሰማሁትን ነው የምለው።” በእውነቱ ይህን ከሰማሁ በኋላ በርሱ ላይ የነበረኝ ቍጣ ወደ ሌላ ዞረ። ያልተማረውን ያላስተማረ፥ ያልተከፈለውንም ያልከፈለ እርሱ አይደለምና።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት የጎንደርን ግቢ እናንሣ። ከ1624 እስከ 1660 ዓ. ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ. ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፥ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፥ ከዚያም ዐፄ ዳዊትና ዐፄ በካፋ፥ እቴጌ ምንትዋብም ከልጃቸው ጋራ እያንዳንዳቸው በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ሕንጻ ጨመሩበት። ግቢውን የከበበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሮቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ዩኔስኮም በ1972 ዓ. ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። ይህን ያህሉን የሚያውቅ ብዙ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ጎብኚው፥ “የዐፄ ፋሲልን ግንብ የሠራው ማን ነው?” ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው።

ከቀድሞ ጀምሮ በመንገደኞች መጽሐፍ ተጽፎ በብዙ አፍም ሲነገር የኖረው ቃል ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚል ነው። ይህ ቃል ያለ መነሻ አልመጣም፤ በ1533 ዓ. ም. ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጥ የያዙ ወታደሮች አስከትሎ ኢትዮጵያን ለመርዳት ገብቷልና፥ ከነርሱም የተወለዱ ሰዎች ባገሩ ቀርተዋልና። ነገር ግን ዘመኑን ያስተያየ ሰው ቶሎ ይጠራጠራል። ዐፄ ሱስንዮስ በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዙፋኑን ለልጃቸው በለቀቁ ጊዜ ዐፄ ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያን የሚባሉትን መምህራን ካገር አስወጡ፤ ከተማውም የተቈረቈረው ከዚያ በኋላ ነው። ይልቁንም በ1640 ዓ. ም. የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ግንቡን ባይኑ አይቶ ሠሪው ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። ለግንብ የሚሆነውም ኖራ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጣ ሰው እንደ ተገኘ ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው መስክረዋል። እንግዲህ ሕንዳዊ መሐንዲስ አለ፥ ከፖርቱጋል የቀረ ልማድ አለ፥ ድንጋዩን የጠረበና የተሸከመ ያገር ሰው አለ። ዐፄ ፋሲል ካረፉም ከስድሳ ዓመት በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ገና ሲያሠሩ ስናይ ጥበቡ ባገሩ እጅ ገብቶ እንደ ነበረ እንረዳለን። ይህን ሁሉ የሚሰማ ጎብኚ “ፖርቱጋሎች ሠሩት” ከሚለው አጭር ቃል ይልቅ እጅግ ደስ እንደሚለው አልጠራጠርም። አጭሩ ቃል ግን በተነገረ ቍጥር ያባቶቻችንን ድካም ይወስድና ለሌላ ይሰጣል። ርስታችንን በሌላ ሰው ስም እያስመዘገብን መሆናችንን ያስተዋልን አይመስለኝም።

“ታዲያ ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር አስጎብኚ እንዴት ይናገረው?” የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ ወደ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም፤ መልሱ እዚያው ጎንደር ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየው በዚያ ከተማ አይደለምን? በትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ መምህሩ አንዱን ንባብ ከተረጐመ በኋላ “አንድም” ብሎ ሁለተኛውን፥ ደግሞም “አንድም” ብሎ ሦስተኛውን ሲያመጣ ሰምቷል። መምህሩ ይህን በማድረጉ ያላወቀ አልተባለም፤ እንዲያውም ሊቅ የተባለው በዚሁ ነው። አንዱን ከመጽሐፍ፥ አንዱን ካባቶች ቃል እንዳገኘውም ለይቶ ያሳያል፤ ሐሳቡን ከንባቡ ጋራ አያደባልቅም። አስጎብኚዎቻችን ይህን የአባቶች ሥርዓት ቢማሩ “ተጽፏል”፥ “ይባላል”፥ “ይመስላል” የሚሉትን ሦስት ቃሎች እየለዩ በተናገሩ ነበር። ጥር 1880 ዓ. ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በንብ መንጋ ዳነች የሚባለውን፥ ይባላል ብሎ መናገር ክብሩን አይቀንሰውም። ከተማው መቃጠሉን ደግሞ ተጽፏል ብሎ መናገር ይገባል። ሁለቱን ባንድ ድምፅ የሚናገር ሰው የተጻፈውን እንኳ ተረት ያስመስለዋል።

ስለ ቍስቋምም እንዲሁ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው እንደ ኖሩበት፥ በ1762 ዓ. ም. የገባውን የስኮትላንዱን ሰው ጀምስ ብሩስንም በዚያ እንደ ተቀበሉት ይነገራል። ነገር ግን ቦታው ስለ ምን ቍስቋም እንደ ተባለ፥ እመቤታችን ከልጇ ጋራ በግብፅ ምድር ያረፈችበትን ስፍራ ስም መያዙን፥ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን መሆኑን የማይናገር ሰው ለጎብኚው ከቤቱ ግድግዳውን አሳይቶ በሩን ዘጋበት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ለካህናት አባቶቻችን በትሕትና የምናቀርበው አቤቱታ አለን። በቤተ ክርስቲያን ያለውን ቅርስ የሚያስጎበኘው ብዙ ጊዜ ካህኑ ራሱ ነው፤ እርሱም ከማንም አስጎብኚ ይልቅ የተገባው ነው። ይሁን እንጂ ጎብኚ በመጣ ቍጥር የብራና መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥቶ በፀሐይ ላይ መግለጥ፥ ሥዕሉን በጣት እየነኩ ማሳየት፥ ለፎቶግራፍ ሲባል ገጹን ደጋግሞ ማገላበጥ ሦስት መቶ ዓመት የኖረውን ቀለም በጥቂት ዓመታት ያደበዝዘዋል። ቅዳሴ ሲቀደስ ጎብኚ እየተናገረ በመካከል እንዲያልፍ መፍቀድም አይገባም፤ ውጭ ቆይ ቢባል የሚቀየም የለም። እኔ እንዳየሁት እንግዳ ሥርዓት ባየበት ቦታ ይበልጥ ይከብረዋል። ደግሞም በየበሩ ልዩ ልዩ ክፍያ መጠየቅ፥ አንዱ ለመግቢያ፥ አንዱ ለጫማ ጠባቂ፥ አንዱ ለፎቶግራፍ እያለ ሲቀበል፥ የሰውን ልብ ከጸሎት ወደ ኪሱ ያወርደዋል። ባንድ ቲኬት ተጠቃልሎ ቢከፈል ገንዘቡም በመዝገብ ይገኝ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ነገሩ በአንዳንድ ረገድ ተሻሽሏል። የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ለብዙ ዘመን ባለሥልጣንና ባለጉዳይ ካልሆነ በቀር የማይገባበት ነበር፤ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ. ም. አንድነት ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ግን ማንም ሰው ቲኬት ገዝቶ የንጉሠ ነገሥቱን መኖሪያና የግብሩን አዳራሽ ያያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ አዳራሽ ስለ ተቀመጡት ነገሥታት ብቻ ሲነገር ያዝናል ሰው። በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ግብር ይበላ በነበረ ጊዜ ጤፉን የፈጨችው፥ ውሃውን ያመላለሰው፥ ጠጁን የጣለችው፥ ሥጋ ቤቱ፥ እንጀራ ቤቱ፥ ጠጅ ቤቱ ወዴት ነበር? ጎብኚው ስለ ጓዳ ሲሰማ ቤቱ በፊቱ ሕያው ይሆንለታል፤ የራሱም አያት በዚያ ኖራ ይሆናልና።

የገነተ ልዑልም ቤተ መንግሥት ሌላ ምስክር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኖሩበት፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. መፈንቅለ መንግሥት መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተገደሉበት፥ በ1954 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲ ቤት የሆነ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በውስጡ ይገኛል፤ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ቤት በዚያ ይታያል። በቅጥሩ ውስጥ ወደ ሰማይ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣልያኖች ለፋሺስት መንግሥታቸው ዕድሜ ማስታወሻ አድርገው የሠሩት ነው፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ያገሩ ሰዎች በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት። የሚነግረው ያላገኘ መንገደኛ ሥራው ያላለቀ ደረጃ ይመስለዋል። የተነገረው ግን የአምስቱን ዓመት መከራና ድል በዚያች አንበሳ አይቶ ይሄዳል።

በእንግሊዝ አገር በ1895 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመው ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር የብዙ መኳንንት ቤቶችን ይጠብቃል። በነዚያ ቤቶች በየክፍሉ አንዳንድ ሰው፥ ብዙውን ጊዜ በጡረታ ያሉ ሽማግሎችና አሮጊቶች፥ ያለ ደመወዝ ተቀምጠው ስለዚያ ክፍል የተጠየቁትን ይመልሳሉ። አንድ ሰው ሁሉን ዐውቃለሁ ብሎ ከመሮጥ አንድ ክፍል ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል ብለው ነው። ባገራችንም ጡረታ የወጡ መምህራን፥ በየደብሩ ያሉ የቅኔና የትርጓሜ ሊቃውንት ሞልተዋል፤ ጥቂት የመጓጓዣና የምሳ ገንዘብ ቢሰጣቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሽማግሌው በሞተ ጊዜ የሚያውቀው አብሮት እንዳይቀበርም ይህ ያግዛል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 በ1992 ዓ. ም. ወጥቷል፤ ሕንጻዎቹም በየጊዜው ይጠገናሉ። ለድንጋዩ ሕግም ገንዘብም ተገኝቷልና ለቃሉ ደግሞ ይታሰብለት እንላለን። የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች የዐፄ ዮሐንስን፥ የዐፄ ኢያሱንና የዐፄ በካፋን ዜና መዋዕል ከግእዝ የሚያውቁ ሊቃውንትን አንድ ላይ አስቀምጠው ለያንዳንዱ ግቢ ከአርባ ገጽ ያልበለጠ የአማርኛ መጽሐፍ ያጽፉ፤ አስጎብኚውም በርሱ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ደመወዝ ይቈረጥለት። ጉርሻ የሚሰጥ እንግዳ ቢገኝ ይቀበል፤ ኑሮው ግን በጉርሻ ላይ አይቁም። ከሳምንቱም አንዱ ቀን ለተማሪዎች የተለየ ይሁንና በዚያ ቀን የሚሠራው በተራ የደረሰው ሁሉ ይሁን እንጂ ደካማው አይመደብበት። ገንዘብ የለም የሚል ቢኖር ከቲኬቱ ገቢ ጥቂቱ ለዚህ ቢለይ ይበቃል።

ሥራው ባንድ ጊዜ በሁሉ ቦታ ሊጀመር አይችልም፤ ባንድ ግቢ ተጀምሮ ይታይ። በጥር ወር ለጥምቀት ብዙ ሕዝብ ወደ ፋሲል መዋኛ ስለሚወርድ መጽሐፉ ከዚያ በፊት ታትሞ ቢደርስ ብዙ ገዢ ያገኛል።

ያ ትንሽ ልጅ ስለ ጠየቀው መኝታ ቤት እኔም ከዚያ ወዲህ በዚያው ግቢ ሦስት ሰዎች ጠይቄአለሁ፤ ሦስቱም ሦስት ክፍል አሳይተውኛል።