«ስልክ የሌለው ማን አለ?» ለሚሉን፦ ስለ ኦንላይን ትምህርትና ስለ ድሃው ተማሪ



ደጋግሞ የሚሰማ ንግግር አለ። «ዘመኑ የኦንላይን ነው። ዶርም ማደር፣ ካፌ መሰለፍ ቀርቷል። ስልክ የሌለው ማን አለ? መማር የፈለገ ካለበት ሆኖ ይማራል፤ ያልተማረ ሰንፎ ነው» ይሉናል። ንግግሩ ለጆሮ ያምራል። ውስጡ ግን በድሃ ልጅ ላይ የሚፈጸም በደል አለበት። ነጥብ በነጥብ እንየው፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አስቀድመን እንግባባ። ቴክኖሎጂን የሚጠላ ሰው አይደለም ይህን የሚጽፈው። ሥራ ውላ ማታ የምትማር እናት፣ ከከተማ ርቆ የሚያስተምር መምህር በስልኩ ሁለተኛ ዲግሪ ቢይዝ አልሐምዱሊላህ ነው። ክርክራችን «ኦንላይን ይጨመር» ከሚለው ጋር ሳይሆን «ኦንላይን ይተካ፣ ያልቻለም የራሱ ጉዳይ» ከሚለው ጋር ነው።

1ኛ) ግቢው የሚሰጠው ክፍል ብቻ አይደለም

የገበሬ ልጅ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ከገባ በኋላ የነጋዴውም የገበሬውም ልጅ አንድ ዓይነት አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ከአንድ ካፌ ይበላሉ፣ በአንድ ላይብረሪ መብራት እስከ እኩለ ሌሊት ያነባሉ። የኮምፒውተር ክፍሉ ወረፋ ቢኖረውም ወረፋው የሁለቱም ነው። ግቢው ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አስተካካይ ነው።

ትምህርቱን ወደ ቤት ስትልከው የቤቱን ልዩነት ወደ ክፍል ታስገባለህ። አንዱ የራሱ ክፍል፣ ላፕቶፕና ዋይፋይ አለው። ሌላው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ከወንድሙ ጋር ይጋራል፤ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ይወጣል። ከሀገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስት ሰው አንድ ያህል ነው። ሴቷ ተማሪ ደግሞ ቤት ከገባች ተማሪነቷ ያበቃል፤ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩ፣ ሕፃን መያዙ የእሷ ነው። «ክፍል ላይ ነኝ» ብትል ማን ያምናታል? ስልክ ይዛ ነው የሚያዩዋት!

በዚህ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ከቤቱ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ግቢው ውስጥ ካልተለማመደ የት ይለማመድ?

2ኛ) ግቢው የሚዘጋበትና ኔቱ የሚዘጋበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው

«ችግር ሲመጣ ኦንላይን መጠባበቂያ ይሆናል» ይባላል። ያለፉትን ዓመታት እናስታውስ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቆመ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ወደየቤቱ ተሸኘ። የድህረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን ቀጥሉ ተባሉ። ወራት ሳይቆይ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። የትግራይ ተማሪማ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከኔትዎርክ ውጭ ሆነ። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ለወራት ተገደቡ፤ ተማሪው ሃንድአውት የሚቀባበለው ደግሞ በቴሌግራም ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። በዚያው ጊዜ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን መጥራት አልቻሉም።

ልብ በሉ! ግቢውን ያዘጋው ግጭት ኔቱንም አዘጋው። የቤቱ ግድግዳ ሲፈርስ አብሮ የሚፈርስ ምሰሶ ድጋፍ ይባላል? ይህን ሁሉ ያየ ሰው «መጠባበቂያ አለን» ብሎ ሲያወራ መስማት ይገርማል።

3ኛ) «ለቲክቶክ ዳታ ያለው ለትምህርት አጣ?»

ይቺ የሁሉም መልስ ናት። ዳታ የሚያባክን ተማሪ የለም አልልም። ግን ሒሳቡን ሥሩት። የቪዲዮ ክፍል በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ይችላል። አምስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢሆን አሥራ አምስት ሰዓት ነው። በሳምንት ከሰባት ጊጋ በላይ፣ በወር ሠላሳ ጊጋ ማለት ነው። የቀን ሠራተኛ አባት ይህን ለአንድ ልጅ በየወሩ ይግዛ? ደግሞ ቲክቶክ ሲቆራረጥ ማንም አይቀጣህም። ክፍሉ ሲቆራረጥ ግን ቀሪ ትባላለህ። የሌሊት ጥቅል ይረክሳል ብሎ ሲያነብ ያደረን ልጅ ጠዋት «ሰነፍ» ማለት ነውር ነው።

4ኛ) መፍትሔው ከባድ አይደለም

አንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ በደንብ ከተጨመቀ ከ15 እስከ 30 ሜጋባይት ነው። ከቪዲዮው ጋር አወዳድሩት! ይህን የኛ ኡስታዞች ያውቁታል። ኪታቡን በፒዲኤፍ፣ ደርሱን በድምፅ ቴሌግራም ላይ ይለቃሉ። ተከታታዩም በርካሽ ስልክ አውርዶ ኔት በሌለበት ቁጭ ብሎ ይሰማል። ያለ በጀት የተሠራ ሥራ ነው። ላብ፣ በጀትና ባለሙያ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ትምህርቱ ተቀድቶ በድምፅና በጽሑፍ ይሰጥ፤ በቀጥታ ቪዲዮ አቴንዳንስ መያዝ ይቅር። ለአሳይመንት ሰዓታት ሳይሆን ቀናት ይሰጡ። የዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ያለ ዳታ ክፍያ እንዲከፈት ከቴሌኮሞቹ ጋር ይነጋገሩ። ላፕቶፕ ለሌለው በውሰት ይሰጠው። ከሁሉም በላይ፣ ቤቱ ለትምህርት የማይመች ተማሪ ግቢ የመቆየት መብቱ አይነካ።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በወሎ ደረሳው ከሀገር ሀገር ዞሮ ሲቀራ ምግቡን የሚሸፍንለት አካባቢው ነበር። የቆሎ ተማሪውንም የመንደሩ ሰው አብልቶታል። «መማር የፈለገ ስንቁን ይዞ ይምጣ» ያለ ሽማግሌ አልነበረም። ኢልም የማኅበረሰቡ ዕዳ እንደሆነ ያውቁ ነበርና።

5ኛ) ወደ ራሳችን

ጣታችንን ወደ ሚኒስቴር ብቻ አንቀስር። ለምንጣፍና ለሚናራ ገንዘብ ስናሰባስብ ማንም አይቀድመንም። ከመስጂዱ አጥር ሥር ግን ዳታ ያለቀበት ተማሪ ተቀምጧል። ከሶላት ውጭ ተዘግቶ የሚውል ክፍል አለን፤ መብራት አለን። ጠረጴዛ፣ ሶኬትና ዋይፋይ ቢጨመርበት ለሰፈሩ ተማሪ ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ማጥኛ ይሆናል። ውጭ ሀገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛው አሮጌ ላፕቶፕ አንድ ልጅ ያስመርቃል። ሰደቃ ጃሪያ ስንል ጉድጓድ ውሃ ብቻ አይምሰለን።

የድሃ ልጅ እንዲያልፍ አላልንም። ከሀብታሙ ልጅ ጋር አንድ መስመር ላይ ቆሞ ይሩጥ ነው ያልነው። ከኋላ አስቁመኸው ስታበቃ «ዘገየ» ካልክ የፈተንከው ጉብዝናውን ሳይሆን የአባቱን ኪስ ነው።

አላህ የበደልነውን የምንክስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

መምህር ለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኃላፊነት ላለው ወንድም ሁሉ አድርሱልን።