የሕፃናትን አስተማሪ ማን ያሠለጥናል? ማንስ ይከፍላታል?

በኬንያ አገር ገና ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት የሚያስተምሩ ሴቶች ደመወዛቸውን ከማን እጅ መቀበል ይገባቸዋል? ይህ ክርክር አገሪቱ ነፃነትዋን ካገኘችበት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መልኩን እየለወጠ ቆየ እንጂ ፈጽሞ አልተቋረጠም። ጉዳዩ ለጊዜው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለማሠልጠኛ ቤት ገንዘብ የሚመድብ ባለሥልጣንም ሆነ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት መዋጮ የሚያወጣ ነጋዴ የሰጠው ገንዘብ የት እንደ ገባ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ከዚህ ክርክር ብዙ ሊማር ይችላል። በኬንያ የታየው፣ ሥልጠናው የቱን ያህል መልካም ቢሆን የሠለጠነችው አስተማሪ በሥራዋ ላይ የማትቆይ ከሆነ የማሠልጠኛው ወጪ በቀዳዳ ስልቻ እንደ ተሰፈረ እህል መሆኑ ነውና።

የሕፃናት ትምህርት ቤት በዚያ አገር የተጀመረው በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ነው። አስቀድሞ በከተማ ለሚኖሩ ለአውሮፓውያንና ለእስያውያን ልጆች ተከፈተ፤ ቀጥሎም በሻይ፣ በቡናና በስኳር እርሻዎች ለሚሠሩ አፍሪካውያን ልጆች መዋያ ተሠራላቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት የማው ማው ዐመፅ በተነሣ ጊዜ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የኪኩዩን ሕዝብ በአጥር በተከበቡ መንደሮች ሰብስቦ እናቶችን በግዴታ ሥራ ላይ ስላሰማራ፣ ልጆቻቸው የሚጠበቁባቸው ቤቶች በዙ። በነዚያ ቤቶች የምትውለው ሴት ሥራዋ መጠበቅ እንጂ ማስተማር አልነበረም።

የቤቱ ስም ራሱ ይህን ልዩነት ይዞ ይገኛል። ጣልያኖች «አዚሎ» የሚሉት፣ በአሥመራም በሕዝብ አፍ የገባው ቃል፣ በቋንቋው መጠጊያ ማለት ነው። ጀርመናዊው ፍሮቤል በ1840 ዓ.ም. ያወጣው ስም ግን የሕፃናት የአትክልት ስፍራ የሚል ሲሆን፣ የአማርኛው «አፀደ ሕፃናት» ይህንኑ ይከተላል። ለመጠጊያ ቤት ጠባቂ ትበቃለች፤ አትክልት ግን አትክልተኛ ይፈልጋል። ለጠባቂ የሚከፈለውና ለአትክልተኛ የሚከፈለውም አንድ አይደለም።

ከነፃነት በኋላ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» በሚለው ቃል ሕዝቡ ኃይሉን አስተባብሮ እንዲሠራ በጠሩ ጊዜ፣ በየመንደሩ የሕፃናት ትምህርት ቤት ማቆም የተለመደ ሆነ። ወላጆች ጭቃውን መረጉ፣ ቆርቆሮውን ገዙ፣ ከመንደሩም ጥቂት የተማረች ልጅ መርጠው አስተማሪ አደረጉ። ደመወዟም ከወላጆች መዋጮ የሚገኝ ሆነ። መከሩ ሲያምር ትከፈላለች፤ ዝናሙ ሲቀር ትጠብቃለች። መንግሥት በዚህ ጊዜ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሸክም ይዞ ስለ ነበር፣ ሕፃናቱን ለመንደሩ መተው የማይቀር መስሎ ታየው።

የሥልጠናው ታሪክ የሚጀምረው በ1971 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዓመት በናይሮቢ የኬንያ የትምህርት ኢንስቲትዩት በሆላንድ አገር ከሚገኘው ከበርናርድ ቫን ሊር ድርጅት በተገኘ ርዳታ አንድ የሙከራ ሥራ ከፈተ፤ ሥራውም እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት በ1984 ዓ.ም. የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማዕከል እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። ከሚቀጥለው ዓመት አንሥቶም በየአውራጃው ቅርንጫፍ ማዕከሎች ተከፈቱ።

እነዚህ የአውራጃ ማዕከሎች የሠሩበት ዘዴ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አስተማሪዋን ከመንደርዋ አውጥቶ ለሁለት ዓመት በአዳሪ ቤት ማስቀመጥ ትምህርት ቤቷን መዝጋት ነው፤ ብዙዎቹም ባለ ትዳርና የልጆች እናቶች ስለ ሆኑ መሄድ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ትምህርቱ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው በሚያዝያ፣ በነሐሴና በታኅሣሥ ወራት እንዲሰጥና በሁለት ዓመት እንዲፈጸም ተደረገ። በመካከሉ አስተማሪዋ ወደ ሥራዋ ተመልሳ የተማረችውን ትሠራበታለች፤ አሠልጣኞቹም ወደ ክፍሏ እየሄዱ ያዩአታል፣ ያርሟታል። ከውጭ የሚገዛ መጫወቻ ስለማይገኝ ከቡሽ፣ ከጣሳ ክዳንና ከጨርቅ ቁራጭ መቁጠሪያና መለያ ማዘጋጀት የትምህርቱ ክፍል ሆነ። በየቋንቋው የሚነገረውን ተረትና የልጆች ዘፈን ከሽማግሌዎች እየሰበሰቡ ለክፍል እንዲውል አደረጉ። በአፉ መፍቻ ቋንቋ ተረት የሰማ ልጅ ፊደል ሲያይ አይደነግጥምና፣ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

እንግዲህ ጉድለቱ ከሥልጠናው ዘዴ ላይ አልነበረም። ጉድለቱ የነበረው አስተማሪዋ የሥልጠናውን ክፍያ ከራስዋ ኪስ አውጥታ የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለች በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። የምስክር ወረቀቱ የእውቀት ማስረጃ እንጂ የደመወዝ ማስረጃ አልነበረም። ባለ ወረቀቷና ወረቀት የሌላት ጎረቤቷ ከዚያው ከወላጆች መዋጮ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጥቂት የተሻለ ክፍያ ያገኘች ወደ ከተማ የግል ትምህርት ቤት ሄደች፤ የምትችለው ለአንደኛ ደረጃ አስተማሪነት አመለከተች፤ ሌላዋም ንግድ ጀመረች። መንደሩም እንደ ገና ያልሠለጠነች ልጅ ፈልጎ አመጣ።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አዲሱ የፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን አወጀ፤ ሕፃናቱም እንደ ጎርፍ ወደ አንደኛ ክፍል ገቡ። ዐዋጁ ግን ስለ ሕፃናት ትምህርት ቤት የጠቀሰው ነገር ስላልነበረ በዚያ ክፍያው እንደ ቀድሞው ቀረ። ወላጅም የራሱን ሒሳብ ሠራ፦ ትልቁ ትምህርት ቤት በነፃ ሆኖ ሳለ ለትንሹ የሚከፈለው ለምንድር ነው? ብዙዎች ልጆቻቸውን በቤት አቆይተው በስድስት ዓመታቸው በቀጥታ ወደ አንደኛ ክፍል ላኳቸው። በብዙ ስፍራ የሕፃናቱ ቁጥር ቀነሰ፤ መዋጮው ሲቀንስ የአስተማሪዋ ደመወዝ ቀነሰ ወይም ፈጽሞ ቀረ። በዚሁ ላይ የአንደኛ ክፍል መምህር ከዚያ በፊት እርሳስ ይዘው የማያውቁ ሕፃናት ክፍሉን ሞልተው አገኛቸው። ለአንዱ ደረጃ በጎ የነበረው ሕግ ከሥሩ ያለውን ደረጃ አናጋው ማለት ነው። ይህም የሆነው በክፋት ሳይሆን፣ የሕፃናቱን አስተማሪ ከመንግሥት መዝገብ ላይ የሚያውቃት ባለመኖሩ ነው።

በዚሁ አገር በባሕሩ ዳር የተሞከረው ነገር መንገዱ የተለየ ስለ ሆነ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በሞምባሳና በአካባቢዋ ያሉ የእስላም ማኅበሮች ልጆቻቸው የቁርአን ትምህርት እየተማሩ በዘመናዊው ትምህርት ግን ወደ ኋላ መቅረታቸው አሳሰባቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያም የእስማኤላውያን መሪ የነበሩትን አጋ ካን አራተኛን ርዳታ ጠየቁ። በ1986 ዓ.ም. ቢ ስዋፊያ ሰዒድ የተባሉ አስተማሪ በሞምባሳ ወጣት ሴቶችን ማሠልጠን ጀመሩ፤ ከዚያም የማድራሳ ማዕከል የተባለው ተቋቋመ። ሥራው በ1990 ዓ.ም. ወደ ዛንዚባር፣ በ1993 ዓ.ም. ወደ ካምፓላ ተስፋፋ።

በዚህ አሠራር አሠልጣኙ የሚቀበለው አንዲት አስተማሪን ብቻ ሳይሆን መንደሩን በሙሉ ነው። መንደሩ አስቀድሞ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ቤት ያሰናዳል፣ ከልጆቹ መካከልም ለአስተማሪነት የሚሆኑትን ያቀርባል። ከነዚህም ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ያልጨረሱ ነበሩ። ማዕከሉ እነርሱን ካሠለጠነ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ከክፍላቸው አይለይም። ኮሚቴውም ሒሳብ መያዝን ይማራል። የትምህርቱ ዘዴ ሃይ ስኮፕ ከተባለው ከአሜሪካኑ ዘዴ የተወሰደ ሲሆን፣ ሕፃኑ የሚሠራውን አስቀድሞ እንዲያስብ፣ እንዲሠራ፣ በኋላም የሠራውን እንዲናገር ያደርጋል። በክፍሉ የሚታየው ዕቃ ግን የኮኮናት ቅርፊት፣ የባሕር ዛጎልና የዘንባባ ቅጠል ነው፤ ዘፈኑና ሰላምታውም በስዋሂሊ ቋንቋ ከእስልምናው ሥርዓት ጋር ተስማምቶ የተሰናዳ ነው። በኬንያ፣ በዛንዚባርና በኡጋንዳ ተደርጎ በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በማናቸውም የሕፃናት ትምህርት ቤት የዋሉ ልጆች በቤት ከቀሩት በአእምሮ ሥራ በለጡ፤ በማድራሳ ትምህርት ቤቶች የተማሩትም ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች የተሻለ ውጤት አገኙ።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የደመወዙ ዘዴ ሳይሆን አይቀርም። ትምህርት ቤቱ በሥራው ተመስክሮለት ከማዕከሉ እጅ በሚወጣበት ጊዜ መንደሩ ገንዘብ ያዋጣል፤ ድርጅቱም በላዩ ይጨምርበታል። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በአንድነት ለትርፍ ይውልና ከሚገኘው ወለድ ትምህርት ቤቱ በየጊዜው ድርሻውን ይቀበላል። ይህ በባሕሩ ዳር ለብዙ ዘመን ከኖረው ከወቅፍ ልማድ ጋር የሚመሳሰል ስለ ሆነ ሰው ሳይቸገር የሚረዳው ነገር ነው። ሆኖም ወለዱ አነስተኛ ሆነ፤ የአስተማሪዎቹን ደመወዝ በሙሉ አልቻለም፤ ከወላጆች የሚገኘው ክፍያም ዋናው ምንጭ እንደ ሆነ ቀረ። ጥበብ ያለበት አሠራር ነው፤ ነገር ግን በመቶ በሚቈጠሩ መንደሮች የተሳካውን በመላ አገር ለማድረግ የሚበቃ ዋና ገንዘብ የሚገኝበት ነጋዴም ድርጅትም የለም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ጥያቄውን ለማሳረፍ አዲስ በር ከፈተ። ከአንደኛ ደረጃ በታች ያለው ትምህርት ለ47ቱ የአውራጃ መስተዳድሮች ተሰጠ፤ እነርሱም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራቸውን ያዙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍሎች ተሠርተዋል። አዲስ ክፍል ሪባን የሚቆረጥለት፣ የአስተዳዳሪው ስም በድንጋይ ላይ የሚጻፍበት ነገር ስለ ሆነ ለበጀቱ ተከራካሪ አያጣም። የአስተማሪ ደመወዝ ግን በየወሩ የሚከፈልና የማይመረቅ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ መስተዳድሮች አስተማሪዎቻቸውን በአጭር ውል ቀጥረው ቆዩ። በዚህ ላይ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን የሚቀጥረው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲሆን፣ የሕፃናቷን አስተማሪ በመዝገቡ ይጽፋታል እንጂ አይቀጥራትም። አንዲት ሴት በአንድ ግቢ ውስጥ ከአንደኛ ክፍል መምህር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ እየዋለች በደመወዝና በጡረታ ግን በሌላ አገር እንዳለች ያህል ናት።

ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሕፃናት አስተማሪነት ሥልጠና ወደ ዲፕሎማ ከፍ ብሏል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ የሙያውን ክብር ያነሣል። ነገር ግን የመግቢያው ነጥብ ከፍ ሲል ከመንደሩ የተመረጠችው፣ ልጆቹን በስማቸው የምታውቃቸው፣ ቋንቋቸውን የምትናገረው ሴት ከበሩ ውጭ ልትቀር ትችላለች። ዲፕሎማውን የምታገኘውም በዲፕሎማዋ ልክ የሚከፍላት ካላገኘች ቀደምቶቿ የሄዱበትን መንገድ ትከተላለች።

በኢትዮጵያም ይኸው ጥያቄ እየተነሣ ነው። ከ1994 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ አፀደ ሕፃናት በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተትቶ ስለ ነበር በከተማ ተወስኖ ኖረ። በ2010 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ የጋራ መመሪያ ካወጡ በኋላ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ «ዜሮ ክፍል» የተባለው ተከፈተ። ከመቶ 10 የማይሞላው የሕፃናት ተሳትፎም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ 40 በላይ ደረሰ። እንዲህ ያለ ፈጣን ዕድገት የሚያስደስት ቢሆንም ማሠልጠኛዎቹ በዚያ ፍጥነት አስተማሪ ማውጣት አልቻሉም። ኮሌጆች ለዚሁ ሙያ የምስክር ወረቀትና የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ሆኖም በብዙ ስፍራ በዜሮ ክፍል የቆመችው ለታችኞቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የሠለጠነች መምህርት ናት። አምስት ዓመት የሞላውን ልጅም እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ በአግዳሚ ወንበር አስቀምጣ ፊደል በመዘመር ታውለዋለች። ደመወዟም በአንዱ ወረዳ ከመንግሥት፣ በሌላው ከወላጆች መዋጮ ይገኛል።

የወረዳ በጀት የሚጀምረው በሐምሌ ነው፤ ሕፃናቱ የሚመጡት በመስከረም ነው። በነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ የአስተማሪዋ ስም በደመወዝ መዝገብ ላይ ካልገባ፣ በዜሮ ክፍል የምትቆመው ወይ ከሌላ ክፍል የተቀነሰች መምህርት ናት፣ ወይ ወላጆች ሲኖራቸው የሚከፍሏት፣ ሲያጡ የሚያሰናብቷት የመንደሩ ልጅ ናት።