«ኧ ሎት» ሲጻፍ

አንዲት ተማሪያችን ለሥራ የጻፈችውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ እንድናይላት በቅርቡ አመጣችልን። ደብዳቤው ጥሩ ነበር፤ ሆኖም «ኧ ሎት»ን አራት ጊዜ አጣብቃ አንድ ቃል አድርጋዋለች። አልፈረድንባትም፤ በአማርኛ «ብዙ»፣ በዐረብኛም «ከሢር» አንድ ቃል ነውና እጅ ይስታል። እንግሊዝኛው ግን ሁለት ቃል ነው፤ በ«ኧ ቡክ» ላይ «ኧ» ለብቻዋ እንደምትቆም ሁሉ እዚህም ለብቻዋ ትቆማለች። «ኤል»ን ደርቦ ያጣበቀማ «ማከፋፈል፣ መደልደል» የሚል ሌላ ቃል ጻፈ!

ሐረጉ የጨዋታ ቋንቋ ስለሆነ ለወዳጅ ደብዳቤ ያምራል። ለመሥሪያ ቤት ግን ለሚቆጠረው «ሜኒ»፣ ለማይቆጠረው «ኧ ግሬት ዲል ኦቭ» ይሻላል።

ልጅቷ ሦስቱን ለወጠች፤ አራተኛውን «ይኼስ ይቆይልኝ» ብላ ለያይታ ጻፈችው። እኛም ተውናት።