«የለም» ብላለች

ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት እንበል፤ በዘጠነኛው ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ። ቤቱ ሞልቷል፤ ባለቤቱ ቢራ ሊያወጣ ምድር ቤት ወርዷል። የመጠጥ ተቆጣጣሪ ገብቶ መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ ያሳይና ባለቤቱን ይጠይቃል። አስተናጋጇ «የለም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች። በእኛ አነጋገር «የለም» ማለት አሁን እዚህ የለም ማለት ነው፤ «ቆይ፣ ይመጣል» የሚለውም አብሮት አለ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ባለቤቱ በድርጅቱ አለመገኘቱ ነው። በከተማዋ ሕግ ደግሞ ባለቤቱ ከሌለ፣ ፈቃድ ያወጣ ማናጀር መኖር አለበት። «ማናጀሯ አንቺ ነሽ?» «አዎ።» ሒሳብ የምትይዘውም በሩን የምትዘጋውም እሷ ስለሆነች ሁሉም ማናጀር ይላታል። የማናጀርነት ፈቃዷን ሲጠይቃት ግን ስለ የትኛው ወረቀት እንደሚያወራ አልገባትም።

ጥፋት ሆኖ ተመዘገበ።

ሪፖርቱ የአልኮል መጠጥንና ካናቢስን ለሚቆጣጠረው ቦርድ ይቀርባል። ሰባቱ የቦርዱ አባላት በከንቲባ ተሹመው በከተማው ምክር ቤት የሚጸድቁ ናቸው። ቦርዱ በማስጠንቀቂያ ሊያልፈው ይችላል፤ ካላለፈው ባለፈቃዱ የማይቀጣበትን ወይም ፈቃዱ የማይታገድበትን ምክንያት ቀርቦ እንዲያስረዳ መጥሪያ ይደርሰዋል። ክሱን የሚያቀርበው የዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። የወንጀል ችሎት ስላልሆነ እስር የለበትም፤ የማስረጃው ሚዛንም እንደ ወንጀል ችሎት አይጠብቅም። ሰው ሲናገር ተሰማ የተባለ ቃል እንኳ ይገባል። ስለዚህ አስተናጋጇ ቀርባ ባትመሰክርም፣ ያን ሌሊት የወጣት አንድ ቃል በሪፖርቱ ውስጥ ተቀምጦ በቤቱ ላይ ይመሰክራል።

ብዙው ጉዳይ እስከ ሙሉ ክርክር ሳይሄድ፣ ይህን ያህል ክፈልና ይለቅ በሚል ስምምነት ይዘጋል። የእኛ ሰው ይህን መንገድ ይመርጣል፤ አልፈርድበትም፤ በረቡዕ ቀን ሱቁን ዘግቶ ቦርድ ፊት ከመቆም ከፍሎ ወደ ምድጃው መመለስ ይቀለዋል። ግን ያመነው ጥፋት መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ሲደገም መቀጮው ከፍ ይላል፤ እየተደጋገመ ሲሄድም ፈቃድ እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ሳይገባው የፈረመው ወረቀት ከዓመት በኋላ ሌላ ወረቀት ይዞ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እንግሊዝኛ ለማይችል ባለጉዳይ መንግሥት አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ብዙ የተለፋበት መብት ነው፤ ባለቤቶች መጥሪያ ሲደርሳቸው አስተርጓሚ መጠየቅ አለባቸው። የሚያሳስበኝ ግን ጊዜው ነው። አስተርጓሚው ችሎት ሲቀርብ የሚተረጉመው ያለ አስተርጓሚ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ሪፖርት ነው። ያኔ «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ማለት ጥፋት ለመሸሽ የተፈጠረ ሰበብ ይመስላል።

ድንገተኛ ቁጥጥር አስተርጓሚ አይጠብቅም የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ልክ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ልጅ ሲሸጥ በዓይን ይታያል፤ እዚያ ላይ ምንም ቋንቋ አያስፈልግም። ማስረጃው የሠራተኛዋ ቃል ብቻ ሲሆን ግን ቃሉ በምትችለው ቋንቋ ሊወሰድ ይገባል። ስንት ሰዓት ድረስ ትሸጣላችሁ ብትባል፣ ሌሊቱን በሀገሯ አቆጣጠር የምትቆጥር ሴት «ስምንት» ልትል ትችላለች። በሥራ ቀን የተፈቀደው እስከ ሌሊቱ ስምንት፣ ማለትም በአሜሪካኖቹ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ልክ ብላለች። የሰማት ግን ጠዋት ስምንት ብሎ ይጽፋል።

ባለቤቶችም የቤት ሥራ አለባችሁ። በየፈረቃው ፈቃድ ያለው ማናጀር ይኑር፤ ፈቃዱም የት እንደተቀመጠ ሠራተኛው ሁሉ ይወቅ። አዲስ ለምትገባ ልጅ የምግብ ዝርዝሩን ስታስጠኑ «አልገባኝም፣ በአማርኛ አስተርጓሚ ይደወልልኝ» የሚለውንም በእንግሊዝኛ አስጠኗት።

ከተማዋ ደግሞ ተቆጣጣሪዎቿ ባንኮኒው ላይ ሆነው በስልክ አስተርጓሚ እንዲያስገቡ ታዝዝ፤ በሪፖርቱም ቃሉ በየትኛው ቋንቋ እንደተወሰደ ይጻፍ። ስልኩ የሚፈጀው ጊዜ ባለቤቱ ቢራውን ተሸክሞ ከምድር ቤት እስኪወጣ ከሚፈጅበት አይበልጥም።